መሪው የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው? ጋራዥ ከመግባትዎ በፊት የሚያደርጉት ምርመራ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ መሪው የሚንቀጠቀጥ መኪና ይዘው ያገኙትን ሰው ምክር ቢጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «አላይመንት አሠራው።» ብር ይከፈላል፣ መኪናው ማሽን ላይ ይወጣል፣ ወረቀት ታትሞ ይሰጣል፤ በማግስቱ መሪው እንደ ትናንቱ ይንቀጠቀጣል። አላይመንት ጎማዎቹ የሚቆሙበትን ማዕዘን ማስተካከያ ነው። ማዕዘኑ የተዛባ መኪና ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ የጎማውን አንድ ጠርዝ ቶሎ ይበላል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን አጣሞ ያስይዛል። በራሱ ግን መሪ አያንቀጠቅጥም። መንቀጥቀጥ የሚመጣው ከሚሽከረከር ነገር ነው፤ ሚዛኑ ከተዛባ፣ ክብነቱን ካጣ ወይም በሚገባ ካልታሰረ ነገር።

ሌላው የተለመደ መንገድ ዕቃ እየቀየሩ መሞከር ነው። ዛሬ ቴስቲና፣ በሳምንቱ ሾክ አብዞርበር፣ ከዚያ ኩሽኔታ። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ዕቃ በየተራው ይገባል፤ ጥፋቱ ግን ከቸርኬው ጠርዝ ላይ የወደቀች አንዲት የሚዛን እርሳስ ልትሆን ትችላለች። እዚህ የቀረበው ቅደም ተከተል ምንም ከማያስከፍለው ይጀምራል፣ በጥቂት ብር ወደሚያልቀው ያልፋል፣ ዕቃ መቀየርን መጨረሻ ላይ ያደርጋል።

መጀመሪያ ጊዜውን ይለዩ

ለጥቂት ቀናት እንደወትሮዎ እየነዱ አንድ ነገር ብቻ ይከታተሉ፦ መሪው የሚንቀጠቀጠው ምን እያደረጉ ሳለ ነው? ሲያቆሙ ስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ ፍጥነቱንም ጨምረው። ጥሩ መካኒክ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው፤ ሳይጠይቅ ክሪክ ወደሚያነሳው ላይ ትንሽ ቢጠራጠሩ አይፈረድብዎትም።

መኪናው ቆሞ ሳለ ከሆነ፣ ማለትም ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው የጠዋት ሰልፍ ውስጥ እግርዎ ፍሬን ላይ ሆኖ መሪው የሚርገበገብ ከሆነ፣ ጎማን፣ ቸርኬንና ዲስክን ከተጠርጣሪዎቹ ያውጧቸው። ያልተሽከረከረ ጎማ መሪ አያርገበግብም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ከሆነ ከዲ ወደ ኤን ያዛውሩትና ይመልከቱ፤ ቀጥሎ ኤሲውን ያጥፉ። በዚህ ከቀነሰ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ሱፖርቶዎች ደክመዋል፣ ወይም ሚኒሞው ዝቅ ብሏል። ምንም ካልተለወጠና ሞተሩ እየተቆራረጠ የሚሠራ ከመሰለዎ ካንዴላና ኮይል ይታዩ። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር አያስፈልገውም።

ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከሆነ ዲስክ ነው፤ በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ። ነዳጅ ሲሰጡ ተነሥቶ እግርዎን ሲያነሱ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ የፊት ጎማው በሞተር የሚነዳ መኪና ላይ ከካምቢዮ ወደ ጎማ በሚሄደው አክስል ላይ የውስጠኛውን መጋጠሚያ ይጠርጥሩ። በተለይ ዳገት ሲወጡ ወይም መኪናው ሲጫን ከባሰ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ሲዞሩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ የውጪው መጋጠሚያ አልቋል።

ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት መካከል ተነሥቶ ከዚያ በላይም ሆነ በታች የሚቀንስ ከሆነ፣ ከሁሉም የተለመደውንና በርካሽ የሚስተካከለውን አግኝተዋል፤ የጎማ ሚዛን ነው፣ ባላንስ።

በ20፣ በ30፣ በ40 እየሄዱ መሪው በዝግታ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ ለጊዜው ያስቀምጡና መኪናውን ዳር ያውጡት። በዚህ ፍጥነት የሚወዛወዝ መሪ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ዳዶዎቹ ላልተዋል፣ ጎማው ውስጥ ያለው የሽቦ መረብ ተለያይቶ ጎማው አብጧል፣ ወይም ቸርኬው ክፉኛ ታጥፏል። ሦስቱም ጎማ ሊያስወጡ ወይም ሊያፈነዱ የሚችሉ ናቸው። ዳዶዎቹን በእጅዎ ይሞክሩ፤ በዙሪያቸው ብረቱ ተፍቆ ካበራ ወይም ከዳዶው ሥር የዝገት መስመር ከወረደ መላላታቸውን ያሳያል። የጎማውን ፊትና ጎን በመዳፍዎ ይዳስሱ፤ እብጠት ካገኙ ያ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይጨመርበት። መለዋወጫውን አስረው ወደ ጎሚስታ ይሂዱ።

አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። መንቀጥቀጡን የሚሰማው እጅዎ ነው ወይስ መቀመጫዎ? የፊት ጎማ ችግር በመሪው ይመጣል፤ የኋላ ጎማ ችግር በወለሉና በመቀመጫው። ሁልጊዜ ፍጹም አይደለም፤ ቢሆንም አራት ጎማ ከመፍታት ወደ ሁለት ያወርድዎታል።

የሙከራ መንገድ

መኪናው ነው ወይስ መንገዱ? አቃቂ ላይ ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። የአካባቢው ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ የተነጠፈው አስፋልትም አብሮ ሞገድ ይሠራል። በላዩ ላይ የጅቡቲ ጭነት የሚያመላልሱት ከባድ ተሽከርካሪዎች የጎማ ቦይ ይቀዱበታል። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ደግሞ የትኛውንም መሪ ያንቀጠቅጣል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሚዛንን መመርመር አይቻልም።

ለዝቅተኛው ፍጥነት ከቃሊቲ አደባባይ ወደ ቱሉ ዲምቱ ከሚወስደው ሰፊ መንገድ ለስላሳውን ክፍል ይምረጡ፤ እሑድ ማለዳ ቢሆን ይሻላል። ለከፍተኛው የቃሊቲ ነዋሪ ዕድለኛ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያው እዚያው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ እስከ 120 የሚነዳበት፣ እግረኛና ጋሪ የማይገባበት መንገድ ነው። ዞሮ መመለስ ስለማይቻል ለሙከራ ብቻ የገባ ሰው እስከሚቀጥለው መውጫ ድረስ ሄዶ መመለሱን አስቦ ይክፈል። አሮጌው መንገድ፣ በገላንና በዱከም በኩል ያለው፣ በጭነት መኪና የተሞላ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

ከመግባትዎ በፊት ግን ጎማዎቹን በዓይንዎ ይዙሩና ንፋሳቸውን ያስለኩ። ትክክለኛው መጠን የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፤ የጎሚስታው ግምት አያስፈልግዎትም። እብጠት ወይም የላላ ዳዶ ያለበትን መኪና የፍጥነት መንገድ ላይ ይዞ መውጣት ሙከራ አይባልም።

ገብተው ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ፦ 60፣ 70፣ 80፣ 90፣ 100። በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ይቆዩበት። መሪውን ጨብጠው ሳያጠብቁ፣ ለቀቅ አድርገው ይያዙ፤ የጠበቀ እጅ መንቀጥቀጡን ይውጠዋል። መንቀጥቀጡ በተነሣበት ፍጥነት ላይ እግርዎን ከነዳጅ ያንሱና መኪናው በራሱ እንዲቀንስ ይተዉት። እግርዎን እንዳነሱ ከጠፋ ወደ አክስል ይሂዱ። ፍጥነቱ እየወረደ ሳለ አብሮ ቀስ እያለ ከጠፋ ጎማና ቸርኬ ነው። ከዚያ ከኋላ የሚከተል እንደሌለ አረጋግጠው፣ ከ90 ወደ 50 ለስለስ ባለ ፍሬን ያውርዱት። እዚህ ላይ አዲስ መንቀጥቀጥ ከተጨመረ ዲስኩም የራሱ ጉዳይ አለው። ሁለት ችግር በአንድ መኪና ላይ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው ባላንስ አሠርቶ «አልተስተካከለም» የሚለው ግማሹ ስለቀረበት ነው።

ረዳት ከጎንዎ ቢቀመጥና እሱ ቢጽፍ መልካም ነው። መሪ ይዞ ስልክ የሚነካ ሰው ግን ሌላ አደጋ ነው የሚመረምረው።

ሃያ ግራም ምን ያህል ናት?

ጎሚስታው ቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚመታት እርሳስ ትንሽ ስለሆነች ብዙ ሰው ይንቃታል። ሒሳቡን እንሥራው። 14 ኢንች ቸርኬ ያለው ትንሽ መኪና፣ ለምሳሌ ቪትዝ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ጎማው በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከጠርዙ 20 ግራም ከጎደለች ጎማው በእያንዳንዱ ዙር 3 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ኃይል ወደ ውጭ ይስባል፤ በሰከንድ 15 ጊዜ። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ ሰላም የነበረው መሪ የፍጥነት መንገድ ላይ ሲወጣ የሚያብደው።

አሁን ክረምቱን ያስቡት። ከአቃቂ የውስጥ ለውስጥ መንገድ የወጣ መኪና የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጭቃ ይዞ ይወጣል። መረሬ ጭቃ ተጣብቆ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ ማታ ሲቆም ወደ ታች ወርዶ አንድ ጎን ላይ ይጠነክራል። 200 ግራም ጭቃ፣ አንድ ጭብጥ የማትሞላ፣ ከላይ ካለው ሒሳብ አሥር እጥፍ ታመጣለች። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ድንገት የጀመረ መንቀጥቀጥ የመጀመሪያ መድኃኒቱ ውኃ ነው። መኪና አጣቢው የውጩን ያሳምራል፤ የቸርኬውን ውስጠኛ ፊት፣ ወደ ሞተር በኩል ያለውን፣ አጥብቀው እንዲያጥቡ ይንገሯቸው ወይም እጅዎን አስገብተው በእንጨት ይፈልፍሉት። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚሁ ያልቃል።

ጭቃው ከሌለ እርሳሱን ይፈልጉ። በቸርኬው ጠርዝ ላይ ወይም በውስጠኛው ፊቱ ላይ እርሳስ የነበረበት ንጹሕ፣ አቧራ ያልያዘ ምልክት ካዩ ወድቋል። ተለጣፊው ዓይነት በተለይ የቸርኬው ገጽ ሳይጠረግ ከተለጠፈ ዕድሜ የለውም።

ጎማውን ራሱንም ያንብቡት። በጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ በተጻፈው ቁጥር መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። 2319 ማለት የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ ግንቦት መጨረሻ 2011። ሻጩ «አዲስ ነው» ያለዎት ጎማ ስድስት ዓመት መጋዘን ውስጥ የከረመ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ በባላንስ አይድንም። መኪናው ለሳምንታት አንድ ቦታ ቆሞ ከነበረ ደግሞ ጎማው ከታች ጠፍጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ትንሽ ይንዱት።

ጎሚስታው ዘንድ

መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ኮምፕሬሰርና መፍቻ አለው፣ የባላንስ ማሽን ላይኖረው ይችላል። ቀዳዳ ለማስደፈን እሱ ይበቃል፤ ነገር ግን ጎማው ከቸርኬው ከመውጣቱ በፊት በጠመኔ ከንፋስ መሙያው ፊት ለፊት ጎማው ላይ ምልክት ያድርጉና ሲመለስ እዚያው እንዲገጥም ይንገሩት። ባላንሱ የተሠራው በዚያ አቀማመጥ ስለሆነ ግማሽ ዙር ተሽከርክሮ ከገባ የተለጠፈው እርሳስ መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ በሽታ ይሆናል። ያለ ከመነዳሪ እንዲሠራ የተሠራ ጎማ ውስጥ ቀዳዳውን ላለመፈለግ ከመነዳሪ የሚከትም አለ። ጎማውን ያሞቀዋል፣ ሚዛኑንም ያዛባዋል፤ አይፍቀዱ።

ማሽን ያለው ቤት ሲሄዱ እዚያው ቆመው ይመልከቱ። የሚያፍሩበት ነገር የለም። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያለ እርሳስ አሽከርክረው፣ ቁጥሩን ልየው» ይበሉ። ለትንሽ መኪና 20 ወይም 30 ግራም የተለመደ ነው። ማሽኑ በአንድ ጎን ከ60 ወይም 70 ግራም በላይ ከጠየቀ እርሳስ ማከማቸት መፍትሔ አይሆንም፤ ጎማው ወይም ቸርኬው ላይ የሆነ ነገር አለ። ጎማውን ከቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ እንዲገጥመውና ዳግም እንዲለካው ይጠይቁ። እርሳሱ ከተለጠፈ በኋላ በሁለቱም ጎን ዜሮ ማየት አለብዎት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ቸርኬውን ከማሽኑ ላይ ፈትቶ፣ ትንሽ አዙሮ፣ እንደገና አስሮ ይለካው። ዜሮ የነበረው ወደ 20 ወይም 30 ከዘለለ ማሽኑ ቸርኬውን መሃል ላይ አልያዘውም ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ዜሮም ዋጋ የለውም። ይህን ጥያቄ የማይወዱ ባለሙያዎች አሉ። ሥራው ሁለት ደቂቃ ስለማይፈጅ አይዘኑላቸው።

ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር የቸርኬውን ጠርዝ በጎን በኩል ይዩት። አንድ ካቻቢቴ ከጠርዙ አጠገብ ሳይነካው ደግፎ ቢይዝ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ ይታያል። ከአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ የሚጫወት ቸርኬ ታጥፏል። የብረት ቸርኬ ተቀጥቅጦ ይቃናል። የአሎይ ቸርኬ ስንጥቅ በብየዳ ሲዘጋ ግን አይመኑት፤ በተለይ የፊት ጎማ ላይ።

ለቸርኬው አቀማመጥ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይስጡ፤ በብዛት የሚዘነጋው እሱ ነው። ቸርኬው የሚያርፍበት ሞዞ ላይ ዝገትና ጭቃ ካለ ቸርኬው ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። ለውበት የተገዛ አሎይ ቸርኬ ከሆነ የመሃሉ ቀዳዳ ከሞዞው ይሰፋ እንደሆነ ይመልከቱ። የትናንሽ ቶዮታዎች ሞዞ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለብዙ መኪና እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ቸርኬ 73 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ይዞ ይመጣል። ያንን ክፍተት የሚሞላ ቀለበት ካልገባ ቸርኬውን መሃል የሚያስይዙት ዳዶዎቹ ብቻ ናቸው፤ ዳዶ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም። ማሽን ላይ ዜሮ የሆነ፣ መኪናው ላይ ሲታሰር የሚንቀጠቀጥ ጎማ ምሥጢሩ አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው። ዳዶውም ራሱ ዓይነት አለው። የብረት ቸርኬ ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው፤ የብዙ ኦርጅናል የቶዮታ አሎይ ቸርኬ ዳዶ ጠፍጣፋ ሆኖ ሮንዴላ አለው። ሁለቱን ማቀያየር አይቻልም።

አስተሳሰሩም እንደ ዳዶው ዓይነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ሁሉም ዳዶ በእጅ ይግባ፤ ከዚያ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ አንዱን ሲያጠብቁ ቀጥሎ ተቃራኒውን፣ በሁለት ዙር ይጥበቅ። ለቪትዝ፣ ለያሪስና ለኮሮላ የተወሰነው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ገደማ መጫን ማለት ነው። ረጅም ቱቦ ቀጥሎ የሚዘልበት ጎሚስታ ብሎኑን ይዘረጥጣል፣ ዲስኩንም ያጣምማል።

በቤትዎ ግቢ፣ ክሪክ ከፍ አድርገው

ባላንስ ተሠርቶም ካልጠፋ፣ ወይም መሪው የሚንቀጠቀጠው ጉድጓድ ከመታ በኋላ ከሆነ፣ አሁን ወደ ታች እንይ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ የኋላ ጎማ ታኮ ይደረግበት፤ በክሪኩ ብቻ ሳይተማመኑ የብረት መደገፊያ ከሥር ያስገቡ። መኪና በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሳለ ከሥሩ የሚገባ ሰው ራሱን ለአደጋ ሰጥቷል።

የፊት ጎማውን ከላይና ከታች፣ በሰዓት ቆጣሪ 12 እና 6 ላይ፣ ይዘው አንዱን እየገፉ ሌላውን ይሳቡ። ጨዋታ ካለ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ነው። ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎ፤ ፍሬን ተይዞ ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንት። ቀጥሎ በግራና በቀኝ፣ 9 እና 3 ላይ ይያዙ። እዚህ የሚጫወት ብዙ ጊዜ ቴስቲና ነው፤ ረዳትዎ እየነቀነቀ እርስዎ መጋጠሚያው ላይ ጣት ቢያሳርፉ ክፍተቱ ይሰማዎታል። በመጨረሻ ጎማውን በእጅ እያሽከረከሩ ሌላውን እጅዎን ሞላው ላይ ያኑሩ። የተበላ ኩሽኔታ እንደ ወፍጮ ያለ ሻካራነት በሞላው በኩል ያስተላልፋል። መንገድ ላይም ይታወቃል፤ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር «ሁም» የሚል ድምፅ አለው፣ መሪውን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉ ይለወጣል።

ያረጀ ጎሚኒና የደከመ ሾክ አብዞርበር መንቀጥቀጥን ራሳቸው አይፈጥሩም፤ ትንሿን የሚዛን ጉድለት ግን ሳይውጡ ወደ መሪው ያሳልፏታል። ስለዚህ በቅድሚያ ሚዛኑ፣ ከዚያ እነሱ። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ጋራዥ ብዙ ዕቃ ይሸጣል።

ፍሬን ሲያዝ

ሰው ሁሉ «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል። ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልተጣመመም፤ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ተለያይቷል። ከደብረ ሲና ወይም ከአባይ በረሃ ቁልቁለት ፍሬን እየያዙ የወረዱ፣ ከታች ደርሰው ደግሞ እግራቸውን ከፍሬን ሳያነሱ የቆሙ አሽከርካሪዎች ያውቁታል። የጋለ ሸራ የቆመበት ቦታ ዲስኩ ላይ ማህተሙን ይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው ይመታል፣ ፔዳሉም ከእግር በታች ይርገበገባል። ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ዲስክም ያተርፋል፣ ሕይወትም።

ለዲስክ ጎን መጫወት የተለመደው ገደብ የአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ፣ 0.05 ነው፤ በዓይን አይታይም፣ በሰዓት መሳይ መለኪያ ይለካል። ዲስኩን ቶርኖ ቤት ማስላጥ ይቻላል፤ ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት ጠርዙ ላይ ተቀርጿል፣ ከተላጠ በኋላ ከዚያ ማነስ የለበትም። ሸራው አብሮ ካልተቀየረ ወይም ሞዞው ካልተጠረገ ግን ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

መንቀጥቀጡ በመቀመጫ በኩል ከሆነ የኋላው ታምቡር ነው እንበል። ባዶ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነው ይዘው በዝግታ ይሳቡት። መንቀጥቀጡ ከመጣ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል። ርጥብ መንገድ ላይ ይህን አይሞክሩ።

ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ (ሳይነኩ እጅዎን አቅርበው ይለዩት) ካሊፐሩ ሸራውን አልለቀቀም። ቆይቶ የሚጀምርና እየባሰ የሚሄድ መንቀጥቀጥ መነሻው ይህ ሊሆን ይችላል።

የሌሎች መኪኖች ጠባይ

ሃይአስ ሚኒባስ የሚነዱ ከሆነ የኋላ ጎማ ስለሚገፋው ከሥር የሚያልፈው ረጅም ዘንግና ክሮቸራው ይታዩ፤ ሰው ሲሞላ የሚብስ የወለል መንቀጥቀጥ ከዚያ ነው። ሙሉ አክስል ያላቸው ጭነት መኪኖችና አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች ላይ ጉድጓድ ከመታ በኋላ መሪውን ከእጅ የሚያስለቅቅ መወዛወዝ ይመጣል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የተበላ ፔርኖ፣ ወይም የተበላ ቴስቲና ከሚዛን ከወጣ ጎማ ጋር ነው። በዚያ ጊዜ ፍሬን ሳይረግጡ እግርን ከነዳጅ አንሥቶ መቀነስ ይሻላል።

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። እነሱ ቆመው የሚያንቀጠቅጥ ሞተር የላቸውም። ባትሪው ግን ከባድ ነው፣ ጎማም ቶሎ ይበላል። ፍጥነት ሲቀንሱ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ ሸራው ሥራ ይፈታል፣ ዲስኩም በክረምት ይዝጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ላይ የሚሰማ መጠነኛ መንቀጥቀጥ ዝገቱ ሲጠረግ ይጠፋል።

ዓመታዊውን የቦሎ ምርመራ ያለፈ መኪና ሚዛኑም ደህና ነው ብለው አያስቡ። ምርመራው በዝግታ የሚሠራ ነው፤ በ90 የሚነሣ መንቀጥቀጥ እዚያ አይገለጥም።

ጋራዥ ሲገቡ

«መሪው ይንቀጠቀጣል» አይበሉ። የጻፉትን ያንብቡለት፦ «ከ85 ጀምሮ እስከ 105፣ በእጅ የሚሰማ፣ ነዳጅ ብሰጥም ባልሰጥም፣ ፍሬን ላይ አይጨምርም፤ ባላንስ ተሠርቷል፣ ቸርኬው ታይቷል።» ይህን የሰማ መካኒክ ግማሹ ሥራ ተሠርቶለታል፣ ያልተበላሸ ዕቃ ለመቀየርም ይከብደዋል። አብሮዎት ነድቶ እንዲሰማው ይጠይቁ። ዕቃ ከተቀየረ አሮጌውን ይረከቡ። ከተሠራ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ይሞክሩት፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ቴስቲና ወይም ቦል ጆይንት ከተቀየረ አላይመንት የሚያስፈልገው አሁን ነው።

ጎማ ተፈትቶ በታሰረ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ። ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ያለው ርቀት በዚሁ መሃል ነው፤ በማግስቱ ወደዚያ የሚወርዱ ከሆነ መፍቻውን መኪናው ውስጥ ይተዉት፣ አዳማ ገብተው ጎማው እስኪቀዘቅዝ ሻይ ይጠጡና በመስቀለኛው ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ይዙሩት።